ከመንገዱ ጫፍ የሚቆም ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ሁለት የላይ መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ። አንዱ ለአንዲት ባልቴት፣ አንዱ ለመምህር። የጥርስ ሐኪሙ አገላብጦ አየና "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ያነጋገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። የሰው አፍ በጥርስ ስሞላ እውላለሁ፣ የኔ አፍ ግን የሚከፈትበት ምክንያት አጥቷል።

ቤት ስገባ "መጣሁ" አልኩ። ለማን? እህቴ አግብታ ከወጣች ቆየች... አፌ አልሰማም።

በሪሞት የምነዳት ትንሿ መኪናዬ ጠረጴዛው ላይ ናት። እትዬ ሳለች ግማሹ ጠረጴዛ ለእራት፣ ግማሹ ለመኪናዋ ነበር። አሁን ሙሉውን ወርሳዋለች። እኔ ቆሜ እበላለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ጎማዎቹን ፈታሁ። ባለፈው ፍጥነቷ ሲበረታ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጠው ቀፎውን ነክተውታል። ከውስጥ በክር ጠምጥሜ በሙጫ አሰርኳቸው። አፍንጫዋ ላይ እርሳስ ጨመርኩ። ካልከበደች ነፋስ ከሥር ይገባና ያነሳታል፣ መኪና መሆኗ ቀርቶ ወፍ ትሆናለች። ሆዷንም ጥርስ በምወለውልበት ጨርቅ ወለወልኩት። ማን ሊያየው? እንጃ።

እስከ ዛሬ ትልቁ ፍጥነቷ በሰዓት መቶ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት መቶ እፈልጋለሁ። እትዬ "ሁለት መቶ ብትሄድ ምን ሊሰጡሽ?" ትለኝ ነበር። ምንም። ግን ሌላ የምጠብቀው ነገር የለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ክፉ ወሬ። አዲሱ መንገድ በወሩ መጨረሻ ለመኪና ሊከፈት ነው። የመንገዱ ሥራ ዘበኛ ነው የነገረኝ። እንደሱ ቀጥ ያለ፣ እንደሱ ለስላሳ መንገድ በዚህ አካባቢ የለም። እሱም ቢሆን ባዶ የሚሆነው እሁድ ብቻ ነው፣ ሠራተኞቹ ሲያርፉ።

ችግሩ ይሄ ነገር ለአንድ ሰው አይሆንም። ሪሞቱን ይዤ ከዚህ ስለቃት ወዲያው ጉንዳን ታክላለች። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ዳር ላይ ቆሞ መንገዱን የሚያይልኝ ሰው ያስፈልጋል። ሁልጊዜ እትዬ ነበረች። መንገዱ ባዶ ሲሆን ቢጫ ጃንጥላዋን ትዘረጋለች፣ እለቃለሁ። ሰው ብቅ ካለ ታጥፈዋለች፣ ፍሬን እይዛለሁ። በቃ፣ ቋንቋችን ይሄው ነበር።

ማታ ደወለች።

"በላሽ?"

"በላሁ።"

"ምን?"

ባዶውን ድስት አየሁ።

"ውሸታም ጩጬ!"

ሃምሳ ሞልቶኝም ጩጬ ነኝ። ስለ መንገዱ ልነግራት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከጀርባዋ ሙሽራው ሲስቅ ሰማሁ። ተውኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 10

ሙሽራው የምለው ባሏን ነው። ስድሳ ያለፈው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በደንብ እጠላው ነበር።

እትዬ አግብታ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ "እሁድ እሁድ እየመጣሁ ጃንጥላውን እይዝልሻለሁ" አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩ? "አንቺም አታስፈልጊኝ፣ ጃንጥላሽም አያስፈልገኝ።" ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አስደግፋ ሄደች። እስካሁን እዚያው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ አመለጠ፣ የሙሽራው ራስ ተመለጠ፣ ሁለታችንም አላወቅንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ዝናብ። ምንም አልሠራሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ሐኪሙን እሁድ አብሮኝ እንዲሄድ ጠየቅኩት። "እሁድ እኮ የልጆቼ ቀን ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። የታችኛዋን ጎረቤቴን ጠየቅኳት። ሳቋን ለቀቀችው። "በዚህ ዕድሜሽ በአሻንጉሊት?" አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ በሬን ዘጋሁ።

እትዬን ልጥራት? አልጠራትም። ብቻዬን እሄዳለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 17

በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ብቻዬን ሄድኩ። ፍሬን የምይዝበት ቦታ እንዳይጠፋኝ ጃንጥላውን ወስጄ ከወዲያኛው ጫፍ ድንጋይ ከምሬ ተከልኩት። ዘርግቼ። ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ሪሞቱን አነሳሁ። ቀና ስል... ቢጫው ጃንጥላ ተዘርግቷል! ልቤ ረጋ አለ። ምን ያህል ጊዜ ነው እሱን አይቼ የለቀቅኩት? ለቀቅኳት።

ሄደች! እንዲህ ሄዳም አታውቅ። ከዚያ ከመንገዱ ጎን ካለው ቦይ በኩል ባለ ብስክሌት ብቅ አለ። ፍሬኑን ጨመደድኩት። ተገለበጠች፣ ተነሳች፣ ከመንገዱ ዳር የሲሚንቶ ግንብ ጋር ተላተመች። እኔም ስሮጥ ወደቅኩ፣ በቀኝ እጄ ላይ።

ሰውየው ዳቦ አመላላሽ ነው። ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። ግን ቀልቡ ተገፎ ነበር።

"ሴትዮ፣ ዐይን የለሽም?"

"ጃንጥላው ተዘርግቶ ነበር" አልኩት።

ዞሮ አየው። "ማነው የዘረጋው?"

"እኔ።"

ንዴቱ ወጣለትና አዘነልኝ። ማዘኑ ነው የባሰብኝ። "ሰው የለሽም እንዴ?" አለኝ ስብርባሪውን እየለቀመ። መንገዱ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች... እኔ ነኝ። ራሴ ዘርግቼ ራሴ አመንኩት። ሰው ሊሞት ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ሐኪሙ "እኔ እኮ የጥርስ ነኝ" እያለ እጄን ጠቀለለልኝ። ተሰብሮ ሳይሆን ዞሮ ነው። የሪሞቱን ቃታ ግን ጣቴ አይስበውም።

ከሰዓት ደወልኩ። "እትዬ" አልኩ።

"መጣሁ" አለች።

መጡ፣ ሁለቱም። አይታኝ ተቆጣች፣ ከዚያ ሳመችኝ፣ ከዚያ እንደገና ተቆጣች። "ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?" አልኳት። "አታስፈልጊኝም ብለሽኝ? እንዳኮረፍሽ ገብቶኛል፣ ግን እስክትጠሪኝ ነው የጠበቅኩት" አለችኝ። ስትጠብቅ ነበር...

ሙሽራው ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሞተሩ ደህና ነው። ቀፎው አልቆለታል፣ ግን ያወጣሁበት የጂፕሰም ሻጋታ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ጥርስ ሠሪ ሻጋታ አይጥልም፣ ደንበኛው ሰብሮ ይመጣላ። እኔ ሳዝ እነሱ ሲሠሩ አመሸን። "ሠላሳ ዓመት ስነዳ ከስልሳ አላለፍኩም" አለ ሙሽራው። "ለዚህ ነው ያረጀኸው" አልኩት። ከልቡ ሳቀ። እኔም።

እሁድ፣ ኅዳር 24

የመንገዱ የመጨረሻ እሁድ።

እጄ አልዳነም፣ ስለዚህ እትዬ ትነዳለች፣ እኔ ጃንጥላ እይዛለሁ። ሪሞቱን ስሰጣት አገላብጣ አየችው። "ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አስነክተሽኝ ታውቂያለሽ?" አላውቅም።

ጫፉ ድረስ ሄጄ ዳር ይዤ ዞርኩ። እዚያ ጋ ቆሜ አላውቅም ነበር። ለካ ሩቅ ነው! ነፋስ ብቻ ነው ያለው። እትዬ የክብሪት እንጨት ታክላለች፣ ፊቷ አይለይም። ለካ እኔንም እንዲህ ነበር የምታየኝ... ለካ እሷም እዚህ ብቻዋን ነበረች።

ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ ቦዩን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘረጋሁ።

ድምጿን ሰማሁ ስል መኪናዋ ደረሰች። ነጥብ ነበረች፣ ከዚያ በአጠገቤ አልፋ ቆመች። ሮጬ መኪናዋ ላይ ያለውን የፍጥነት መለኪያ ጂፒኤስ አየሁ። መቶ ስልሳ ሦስት።

በስልክ ጮህኩ፦ "እትዬ፣ ለምን ቶሎ ፍሬን ያዝሽ? ገና ትሄድ ነበር እኮ!"

"አንቺ ቆመሽ እያየሁ?" አለች። "እንዴት አልይዝ?"

ስንቴ ወደሷ ለቅቄያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለሷ ብዬ ቀድሜ አልያዝኩም።

ሁለት መቶ አልሆነም። መንገዱ ሊከፈት ነው። መቆጨት ነበረብኝ።

ሸኝተውኝ ሄዱ። ቤቱ ያው ነው፣ ጭር ያለ። መኪናዋን ወደ ጠረጴዛው አንድ ጎን ገፋኋት። ስልኩ ጮኸ።

"በላሽ?"

"አልበላሁም" አልኩ።

"ተነሺና ብዪ፣ ስልኩን አልዘጋም።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩት። ወንበር ሳብኩ። ቁጭ ብዬ በላሁ።