መኪናው ሲሞቅ ብቻ የሚያኮርፍበት ምክንያት

እህት ዓለም፣

አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልሽ። ሁለቱን የሙሽራ ቀሚሶች በሰው መሀል ተጋፍተሽ እንዳትወስጃቸው። መኪናውን ውሰጂ።

አዎ፣ በትክክል አንብበሻል።

ጠዋት ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይነሳል። ችግሩ የመጀመሪያዋ ሙሽራ ቤት አቁመሽ ወደ ሁለተኛዋ ልትሄጂ ስትዪ ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ያኮርፋል። ቤንዚኑ በሙቀቱ ቱቦው ውስጥ እየተነነ ነው። ኮፈኑን ክፈቺና የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ሩብ ሰዓት ታገሺው፣ ይነሳል። ጨርቁና ውሃው የኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

ይህን ያወቅኩት ትናንት ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀጥ ብሎብኝ ተማሪዎቼ እየሳቁ ገፉልኝ።

መካኒኩ ገና ሲያየኝ "ዛሬም እህትሽ ቤንዚን አጠጥታ አሰከረችው?" አለኝ። እግርሽ ነዳጁን የስፌት መኪና እንደሚረግጥ አድርጎ ነው የሚረግጠው ብዬው ነበር። ለእማማም፣ ለጎረቤቶቹም እንደዚያው።

"የለም፣ እኔ ነኝ የነዳሁት" አልኩት።

"እንግዲያው የእግር በሽታው በዘር ነው" ብሎ ሳቀና ኮፈኑን ከፈተ።

ጥፋቱ የእግርሽ እንዳልነበረ ለእማማ እሁድ ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ቀድመሽ እንዳትደውዪላት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን የገለበጥሽለት የአንቺ ቁልፍ እኔው ከደበቅኩበት ግራ ቦት ጫማሽ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ቢጥል ኖሮ ያኔውኑ ታገኚው ነበር።