ጥቁርና ነጩ ክር

ለምወድሽ ልጄ፣

ከናሪን ተራራ ሥር የተጠራቀመ ናፍቆታችን ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? የሞስኮ ብርድስ እንደኛው ደረቅ ነው ወይስ አጥንት ይገባል? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ላሚቱም ደህና ናቸው፤ ልጅሽ ሰዚም ደግሞ ከሁላችንም ደህና ናት። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ስላልሆነ አትደንግጪ። የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ ጂቤክ ናት፤ ጣቴን ብርድ ይዞት ነው። (ጂቤክ ጣቴን አይታ ሳቀች።)

ልጄ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔው ስሚው።

ስትሄጂ ጥቁርና ነጭ ሱፍ ጣት የሚያክል አድርገሽ ገምደሽ፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅለሽ፣ «መራመድ ስትጀምር እመጣለሁ፤ በዚህ ክር እግሯን አስራችሁ፣ ልጆች ተሽቀዳድመው ቀድሞ የደረሰው የሚቆርጥላት ዕለት እኔ ልኑር፤ ሳልኖር እንዳትቆርጡ» ብለሽን ነበር። መራመድ ከጀመረች ዓመት አለፋት። አንቺ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሽም፣ እኛም ጠበቅን። ሰዚም በወደቀች ቁጥር የኦሮዝባይ ሚስት «ምን ታድርግ፣ እግሯን ሳትፈቱላት!» እያለች እናትሽን ታበግናታለች።

ባለፈው አርብ በረዶው ጥሩ አድርጎ ጣለ። ያንቺን የልጅነት የበረዶ መንሸራተቻ ከጋጣው አወጣሁት። እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ መጎተቻው ገመድ ግን በስብሷል። ከበሩ ጀርባ እጄ ያገኘውን አነሳሁና አሰርኩበት። እዚያ ጋ ጨለማ ነው። እናትሽ ግን በቀን ምን ጨለማ አለ ትላለች።

መጀመሪያ ጭኔ መሃል አስቀምጫት ወረድን። ጺሜን ጨምድዳ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች፤ አለቀሰች ስል ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ መሰለሽ! «አባባ፣ ደግሞ!» ትላለች። ሦስቴ ወጣን ወረድን። በአራተኛው «ብቻዬን!» ብላ አሻፈረኝ አለች፤ ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ታውቂዋለሽ። ዝቅ ካለው ቦታ ለቀቅኳት። ታች ስትደርስ ተገለበጠች፤ ገመዱ ሁለት እግሯን ጠምጥሞ ያዛት፤ ጩኸቷን አቀለጠችው። ዳገቱ ላይ የነበሩት ልጆች እየተሽቀዳደሙ ወደ እሷ ወረዱ። ይህችው ጂቤክ በአጠገቤ ስታልፍ ቢላዬን ከወገቤ መንጭቃ፣ ሁሉንም ቀድማ ደርሳ ገመዱን ቆረጠችው። («በጣም ቀድማ» በል እያለችኝ ነው።)

ከዚያ ቁራጩን ይዛ ቆማ ቀረች። «አባባ፣ ይሄ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው!»

ልጆቹ ከበቧት። ሩጫው ተሮጧል፣ ክሩ ተቆርጧል፤ ምን ይደረጋል? ጂቤክ «ሰዚሜ፣ በይ ሩጪ!» አለቻት። ሮጠች፣ ልጄ! ያን ዳገት አንዴም ሳትወድቅ እኔ ጋ ደረሰች። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናትሽ «ዓይንህ የት ሄዶ ነበር?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ራሷ የበዓሉን ሊጥ ቦርሶክ በዘይት ጠብሳ ለሰፈሩ ልጆች በተነች። ልጅ ክሯን የቆረጠላትን ትመስላለች ይባል የለ? እንግዲህ እንደ ጂቤክ ሯጭና ምላሰኛ ከሆነች ቻይው። (ምላሰኛ የሚለውን አልጽፍም ብላ ስንት ተከራከርን።)

የክሩን ግማሽ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ፤ ግማሹ ሚስማሩ ላይ ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አላህ ከብርድ ይጠብቅሽ፣ እጅሽ አይዛል፣ ደጃችን በሰላም ያግባሽ።

በረዶው ሳይቀልጥ ነይ። ሳቋን ጠግቤ ሰምቻለሁ። ቁልቁል ስትወርድ ፊቷ ምን እንደሚመስል ግን አንቺ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።

መንገድሽን የሚያዳምጠው
አባትሽ