አንገቷን የደፋች የሰሊጥ አበባ

ነሐሴ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ሽንፋ

ዝናብ። ጭቃ። ከሰኞ ጀምሮ ወንዙ ሞልቶ መኪና የለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩ፤ ሌላ ምን ሥራ አለ?

ከአዲስ አበባ ለትምህርት ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ ደግሜ አነበብኩ። ለአዲስ ቴምብር የአበባ ሥዕል ይፈለጋል፤ ከአገሩ ሁሉ አምስት ይመረጣል። እዚህ ከእኔ ሌላ ማን ይስላል? (ለራሴ ስለምጽፈው ጉራ አይባልም።)

አደይ አበባን ሁሉም ይልካታል። ሰሊጥ እስላለሁ። ዳይሬክተራችን አቶ ደሞዝ ሳቀብኝ። "ሰሊጥ ደግሞ አበባ አለው እንዴ?" ስድስት ዓመት እዚህ ኖሮ...

ነሐሴ 17

ጋሽ ገሰሰ ማሳ ላይ ዋልኩ። የሽንፋ አንጋፋ ገበሬ ናቸው። ካፊያ ሲመጣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ። "ሰውማ ይደርቃል" አሉ።

አበባዋ ነጭ ናት፣ ጉሮሮዋ ላይ ሐምራዊ ጣል ጣል ያለባት። ከቅጠሉ ሥር ወደ መሬት ተንጠልጥላ ነው የምታብበው። የጣቴን ጫፍ እንደ ቆብ ትከድናለች። አምስት ጊዜ አበላሽቼ በስድስተኛው መጣችልኝ።

መስከረም 20 ቀን 1974

መንገዱ ተከፈተ። ሥዕሉን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ወደ ጎንደር ላክሁ። ሾፌሩ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ነገርኩት። ሁለት ጊዜ።

ታኅሣሥ 11

ተመረጠች። ከአምስቱ አንዷ የእኔ ናት። ለአስተማሪዎቹ ነገርኩ፣ ለተማሪዎቹ ነገርኩ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ለምትሸጥልኝ ለሐዋ ሳይቀር ነገርኩ።

ግን የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ... የቴምብር ኮሚቴው እንዲህ ይላል፦ "አበባው አንገቱን የደፋ በመሆኑ የአብዮቱን መንፈስ አይገልጽም። ቀና ተደርጎ በአንድ ወር ውስጥ ይላክ። ካልሆነ በሌላ ይተካል።"

ደሞዝ ምን አለ? "የሻረግ፣ ቀና አድርገሽ ገላግይን። አበባ ምን ያውቃል?"

ታኅሣሥ 15

ቀና አደረግኋት። ወረቀት ላይ ቴምብር የሚያህል ቀዳዳ ቆርጬ በዚያ አየኋት። በዚያች ጠባብ ቦታም ታምራለች። ታዲያ ምን ሆኛለሁ? ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 18

ሥዕሉን ይዤ ጋሽ ገሰሰ ዘንድ ሄድኩ። ጆንያ ሲሰፉ አገኘኋቸው። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክተው ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይች የምን አበባ ናት?"

"ሰሊጥ ናት እንጂ ጋሼ።"

"አይደለችም። ሰሊጥ አፏን ወደ ሰማይ ብትከፍት ዝናቡ አይሞላባትም? ፍሬ ተየት ታመጣለች?"

የኮሚቴውን ቃል ነገርኳቸው። አንገቷን ደፍታለች ተብላለች አልኩ።

"ምን አጥፍታ ትደፋለች? ፍሬዋን ተዝናብ እየከለለች ነው እንጅ።"

ቤት ገብቼ ቀና ያለችውን ቀደድኳት። አራት ቀን የለፋሁባትን። 

ታኅሣሥ 22

እንደ መጀመሪያዋ አድርጌ እንደገና ሳልኳት። ከሥሯ የጋሽ ገሰሰን ቃል እንዳለ ገለበጥኩ፣ ስማቸውንም ጻፍኩ። ላክሁ። ቢተኩኝስ? ይተኩኝ... አይ፣ ይህች ውሸት ናት። ቢተኩኝ አልቅሼ አይወጣልኝም።

የካቲት 3

መልስ የለም። ደሞዝ ስለ ቴምብሩ መጠየቅ ትቷል። መሳቁ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 26

መጣ። ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ የግብርና ባለሙያ "ገበሬው ያሉት ትክክል ነው" ብሎ ተከራክሯል። እንዳለች ትታተም ተብሏል። የቀለም ናሙናም ልከውልኛል። ሐምራዊው በዝቷል፤ ቀንሱት ብዬ ጻፍኩ። አሁንማ ማን ይችለኛል?

ደብዳቤውን ለጋሽ ገሰሰ አነበብኩላቸው። "አዲስ አበባም ሰው አለ ማለት ነው" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰኔ 11

በሬዲዮ ተነገረ፤ ቴምብሩ ወጥቷል። አምስቱ አበቦች በስም ተጠሩ፣ ሰሊጥ አራተኛ። ደሞዝ ተነስቶ ጨበጠኝ። ጥሩ ሰው ነው እኮ።

ሰኔ 21፣ መተማ

በጭነት መኪና መጣሁ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ቴምብሩ ሰማኝ፤ ምን ያድርግ፣ ወዴት ይሂድ?

እንግዳው የሚባለው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አንድ ሙሉ ወረቀት መስኮቱ ላይ ዘረጋልኝ። ሃምሳ ቴምብር፣ ሃምሳ ሰሊጥ። ሐምራዊው ልክ ነው። ከሥሯ "ሰሊጥ" ይላል። የእኔ ስም የለም፤ እንደማይኖር ቀድመው ነግረውኛል። ቢሆንም ፈለግሁት።

ከኋላዬ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። አለነ ይባላል፣ ለአረም ከጎጃም የመጣ። ለሚስቱ ደብዳቤ አጽፎ ይዟል፤ እሱ ፊደል አልቆጠረም። እንግዳው አንድ ቴምብር ቆርጦ ሰጠው። ሊለጥፈው ሲል ቆም አለ።

"ይችማ ሰሊጥ ናት" አለ።

ማንም አልነገረውም። "በምን አወቅህ?" አልኩት።

"አምና ሰሊጥ ሳርም ከርሜ የለም እንዴ? እኔም ጎንበስ እሷም ጎንበስ... ፊት ለፊት ነው የምንተያየው።" ቴምብሯን ወደ ብርሃኑ ያዛት። "ሚስቴ ተዚያ በረሃ ምን አለ ትለኛለች። እስቲ ትያት።"

እንግዳው ወደ እኔ ሊጠቁም እጁን አነሳ። በዓይኔ ከለከልኩት። ለምን? እንጃ። ኩራቱ እስከ ጉሮሮዬ ሞልቶ ነበር፤ መናገር ግን አላሰኘኝም።

አለነ እንዳትጣመምበት ቀስ ብሎ ለጠፋት፤ በአውራ ጣቱም ተጫናት። ማን እንደሳላት አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።