ሞቷል የተባለው ኮክ

ለእህቴ ልጅ ለዐፊፋ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ሙደሲርስ? የድሬዳዋ ሙቀት ተስማማሽ? ያ ሳልስ ለቀቀሽ ወይስ እንደ አጎትሽ ሙጭጭ ብሎብሻል? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ባለቤቴ ሸፊቃም ደኅና ናት፤ በቁጣዋ ነው የማውቀው።

ነገሩ የኮኩ ነው። እናትሽ ስትሞት ከወረኢሉ ግቢዋ ነቅለሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያመጣሽልኝ ችግኝ ዛሬ በቁመት በልጦኛል። አንተን መብለጥ ምን ይከብዳል አትበይ። በኅዳር ግን አንድ ሳያስቀር ቅጠሉን አራገፈ። እዚህ አፍንጮ በር ሰው የለመደው ዓመቱን ሙሉ ለብሶ የሚከርመውን ባሕር ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ሞቷል ብሎ ፈረደ። ጎረቤታችን አቶ ወልደጊዮርጊስማ እግዜር ያጽናህ ሊለኝ መጣ። ሸፊቃም ከረመዳን በፊት ይቆረጥና በቦታው ማድ ቤት ይሠራልኝ አለች።

እኔ ቅርንጫፉን በጥፍሬ ፍቄ አየሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። የእህቴን ዛፍ እኔ እያለሁ ምሳር አይነካውም አልኩ። ሸፊቃ ይልቅ ጥፍርህን ታጠብ አለችኝ። ሥሩን ኮተኮትኩ፣ ፍግ አለበስኩት።

ከዚያ አጎትሽን ሰይጣን አሳሳተው። ቀን እንዲጨመርልኝ ብዬ ቀይ ጨርቅ ቆራርጬ በየቅርንጫፉ አሰርኩና ኮኩ አበበ ብዬ ጮህኩ። ሸፊቃ ሮጣ መጣች። ለካ ጨርቁ ለዒድ የገዛችው ሻሽ ኖሯል! ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በኋላ እውነተኛ እንቡጥ አየሁ ብል ማን ይመነኝ? ዛፍ ቆራጩን ካላዩን አስጠራችው።

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ እሱ ሳይመጣ፣ ከኔ ጀምር ልለው ግንዱን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሸፊቃ ወጣችና ከራሴ በላይ አፈጠጠች። አንተ ቀጣፊ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ልብስ ቀደድክ ብላ እጇን ሰዳ ሳበችው። አበባው በጣቷ ላይ ረገፈ። አሸተተችው።

ካላዩ ሲደርስ ምሳሩን አስቀምጦ የማድ ቤቱን ጉድጓድ ከዶሮዎቹ ቤት ጎን እንዲቆፍር አዘዘችው። እኔን ደግሞ ተነስ፣ ሥሩን ተጫንከው አለችኝ።

ሙደሲርን ሰላም በይልኝ። አማትሽን እሜቴ ዘይቱናን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፣ ካለቀሰችም አጎቴ ነው በይ። ሸፊቃ ናፍቀሽኛል ትላለች፤ አንድ ሻሽም ላኪልኝ ትላለች።

አጎትሽ ሙሄ
አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር
የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.