የእሜቴ ግራ ጆሮ

ጥቅምት 8 ቀን 1952፣ ሰኞ

ባሌ ዛሬም ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሄደ። በሶውን፣ ፔርሙዙን፣ ከፎቶ ቤታችን ባለቤት ከአርመኑ ሙሴ ሃጎፕ የተዋሰውን ረጅም ሌንስ ይዞ። ወደ መናገሻ ጫካ። ሰኞና ማክሰኞ ፎቶ ቤቱ ደንበኛ ስለማይበዛበት ሙሴ ፈቅዶለታል። ለእኔ የፈቀደልኝ የለም… አልጠየቅሁም እንጂ።

ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ የሰው ፊት ሳጸዳ ዋልኩ። ሥራዬ ይኸው ነው። ኔጋቲቩን መብራት ያለበት መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ በሾለ እርሳስ ጠባሳ ማጥፋት። ዛሬ አንዲት ሙሽራ ነበረች፣ ፊቷን ፈንጣጣ የበላው። ከሰዓት በኋላ አንድም ምልክት አልነበራትም። ፎቶዋን ስታይ አለቀሰች። በደስታ ነው።

የሰርጋችንንም ፎቶ ያረምኩት ራሴ ነኝ። ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጠፋኋት። አባይነህ እስከ ዛሬ አላወቀም። ባሌ ነው፣ ፎቶ አንሺ ነው፣ ግን አላወቀም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስቶኝ አያውቅም። አራት ዓመት ሆነ።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ማታ መጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ገና በሩ ላይ ሳለ…

«አየኋት!»

«ማንን?»

«እሜቴን!»

ነብር ናት። ለነብር ስም አውጥቶላታል። እሜቴ! እኔን ሲጠራኝ እኮ «ስሚ» ነው የሚለኝ።

ጥቅምት 10

ፊልሙን ጨለማ ክፍል ገብቶ ራሱ አጠበው። ኔጋቲቩን ሲደርቅ ያየሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ተኝታለች። ግራ ጆሮዋ እስከ ግማሽ ተቀዷል።

«እሷን የምለያት በጆሮዋ ነው» አለኝ። «ከሌላ ነብር ጋር ተጣልታ ነው። ለልጆቿ ስትል።»

እንዴት አወቀ? እዚያ ነበር?

ቆንጆ ናት። ይሄን ማንም ስለማያነበው ለምን እዋሻለሁ። ቆንጆ ናት፣ አንጀቴን አሳረረችው።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

ጎረቤቴ ዘይቱና፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በመስኮት ብቅ ብላ…

«አንቺ፣ ሰውዬሽ ዛሬም ጫካ ነው?»

«ዛሬም።»

«በይ እንግዲህ! የሰው ጣውንት በሁለት እግሯ ነው የምትመጣው፣ ያንቺዋ በአራት!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ራት ላይ ስለ እሷ ብቻ አወራ። ልጆቿ ሁለት ናቸው። ትልቁ ጅራቷን ሲነክሳት ምንም አላለችውም። «ትዕግሥቷ!» ይላል። «ልጆቿ» ይላል፣ «ግልገሎቿ» እንኳ አይልም። እኛ አራት ዓመታችን ነው፣ አንድም ልጅ የለን። እሷ በአንድ ጊዜ ሁለት።

ወጡ ጨው እንደበዛበት አላወቀም። ሆን ብዬ ነው ያበዛሁት። ጠርጎ በላው።

ጥር 23፣ ሰኞ

እሱ ጫካ ነው። ሥራ ሳይኖረኝ ኔጋቲቮቹን አወጣሁ። ሁሉንም። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ…

ትልቁ ልጅ ቀኝ ጉንጩ ላይ ሦስት ነጥብ አለው፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጡ። ትንሿ ከዓይኗ እስከ ጆሮዋ የተያያዘ መስመር አላት። አባይነህ ልጆቹን በቁመት ነው የሚለያቸው፣ ይሄን አላየውም። እኔስ ምን ቤት ነኝ? የጣውንቴን ልጆች ነጥብ እየቆጠርኩ ዋልኩ። ለሙሴ «አቧራ እያጠራሁ ነው» አልኩት።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ጫካው ዳር ያሉት ባለርስት፣ ግራዝማች ወልደጊዮርጊስ፣ ነብር ፍየሎቻቸውን ፈጀባቸው። አዳኝ አሰማርተዋል። ቆዳውም ፒያሳ ይሸጣል። ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ… እግር ላይ! «ልጆች ያሏትን አንዷን ይተዉልኝ» ብሎ።

«ነብር ሁሉ ነብር ነው፣ በምን እለያታለሁ?» አሉት።

«ፎቶዋን አመጣለሁ።»

«አምጣ። አዳኞቼ ያዩታል። ያቺን ከነካን እኔ ሰው አይደለሁም።»

ለእኔ ብሎ ማንንም ለምኖ አያውቅም።

«ፊቷ በደንብ የሚታየውን ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ላይ አቧራ ነበር፣ አጠፋሁት። ከዚያ ጭረት። ከዚያ እርሳሱ ወደ ጆሮዋ ሄደ…

ቅዱን ሞላሁት። ጸጉር በጸጉር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚህ የተዋጣልኝ የለም። የትኛውም ዓይን አይለየውም።

ለምን? እጄ ለምዶ ነው፣ ጠባሳ አይቶ አያልፍም።

ውሸቴን ነው። «የምለያት በጆሮዋ ነው» አላለም? እስቲ ያለ ጆሮዋ ይለያት እንደሆነ እናያለን። የእኔን ጠባሳ አራት ዓመት ሙሉ አላየ…

የካቲት 13፣ እሑድ

ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ፖስታውን አሽጌ ሰጠሁት። እንዳያየው ፈርቼ «አቧራ እንዳይገባው» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ቅንድቤ አጠገብ።

ልንገረው? ሲመለስ እነግረዋለሁ።

የካቲት 15፣ ማክሰኞ

ግራዝማች አልነበሩም። ፖስታውን እንደታሸገ ለዘበኛቸው ሰጥቶት መጣ። አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ሦስት ሰኞ ሙሉ አላያትም። «እሜቴ ጠፋች» አለና ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ደስ አለኝ። እዚህ ብቻ ልጻፈው። ደስ አለኝ። ሌላ ጫካ ሄዳ ይሆናል። ትሂድ።

ሚያዝያ 15፣ ቅዳሜ

ዘይቱና ክር እንድገዛላት ላከችኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስደርስ የቆዳ ነጋዴው በር ላይ አንድ ነብር ተሰቅሏል። ከነጭንቅላቱ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፋል። እኔ ግን…

ግራ ጆሮው። እስከ ግማሽ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሞላሁትን ቅድ እንዴት አላውቀውም? ጣቴን ከተትኩበት። ገባ።

«እመቤት፣ ላውርድልሽ?» አለኝ ነጋዴው።

እዚያው ሰው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ጣውንቴ ሞታልኝ አለቀስኩ። ክሩንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ዘይቱና ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም፣ እሷ እንኳ።

ለአባይነህ ምን ብዬ ልንገረው?

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ

መጣ። ጫማውን አላወለቀም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ግራዝማች መልሰውለት ነው።

«ቃሌን አላጠፍኩም ይላሉ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያንተዋ ሁለቱም ጆሮዋ ሙሉ ነው፣ እኛ የገደልናት ጆሮዋ የተቀደደውን ነው ይላሉ። አዳኞቹ ከመተኮሳቸው በፊት ፎቶውን አይተዋል። አይተው ነው የተኮሱት።»

ፎቶውን ወደ እኔ ገፋው።

«ለተ፣ የተቀደደው ጆሮዋ የታለ?»

በስሜ፣ ለተ አለኝ። ስሚ አላለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በእርሳስ።»

«አዳኝ እንደሚያየው እያወቅሽ?»

«አዳኙን አላሰብኩትም።»

«ምን አሰብሽ ታዲያ?»

«አንተን። ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«በእሷ።»

የሚስቅ መሰለኝ። ወይም የሚመታኝ። ሁለቱንም አላደረገም። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሚያዝያ 19

እርሳሱን ከኔጋቲቩ ላይ በጥጥ ጠረግሁት። በአንዴ ለቀቀ። ጆሮዋ እንደገና ተቀደደ።

ሚያዝያ 24፣ ሰኞ

አባይነህ ቤት ነው። በጠዋት አልተነሳም፣ በሶ አልጠየቀም። ሌንሱን ለሙሴ መልሷል። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ወጡን በላ። «ጨው አነሰው?» አልኩት። «ደህና ነው» አለኝ።

ሰኞውን ስመኝ ነበር፣ ይኸው አገኘሁት። እንግዳ ሰው ቤቴ የተቀመጠ ይመስላል። ምነው ሄዶ በነበረ… ምነው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ «አየኋት» ባለኝ…

ግንቦት 7፣ እሑድ

ዛሬ እኔው ጀመርኩት።

«ልጆቿ ምን ይሆኑ ይሆን?»

ቀና አለ። «ልጆቿ» ማለቴን እኔም የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ማን ያውቃል። ባያቸውም አልለያቸውም። ቁመታቸው አንድ ሆኗል» አለ።

«እኔ እለያቸዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ወንዱ ቀኝ ጉንጩ ላይ ሦስት ነጥብ አለው፣ እንደ ጉልቻ። ሴቷ ከዓይኗ እስከ ጆሮዋ መስመር አላት። በየትኛውም ጫካ ባያቸው አውቃቸዋለሁ።»

ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ አየሽው ይሄን ሁሉ?»

«ሰኞ ሰኞ። አንተ ስትሄድ።»

ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ የሙሴ ሌንስ ብብቱ ሥር ነበር። አሁንም ይቅር አልኩሽ አላለኝም። በሶውን ግን ሳይጠይቀኝ አዘጋጀሁ።

ነገ ሰኞ ነው። አሁን ወደ በሩ አየሁ። ጫማውን አውጥቶታል። አጠገቡ የእኔን አስቀምጧል።