የተሰረዘችብኝ ሁለተኛዋ ፀሐይ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጮራ የሕዝብ ንባብ ቤት የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

አቤት ባይ፦ ጌታሁን አንጁሎ፣ ጡረታ የወጣ መምህር
አድራሻ፦ ኦቶና

ጉዳዩ፦ ከድርሰቴ ሁለት ፀሐዮች አንዷ ያለ ፈቃዴ ስለተሰረዘች፣ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በልጅነቴ ፊደል አዛብተሃል ተብዬ ጠጠር ላይ ስንበረከክ አላለቀስሁም። በዲምቱ ቆላ ሳስተምር ወባ በየዓመቱ ሲጥለኝ ተዛውሬ ልሂድ አላልሁም። በደርግ ዘመን መዝሙር ዘምረሃል ተብዬ ታስሬ ስፈታ፣ ያሰረኝን ሰው ልጅ ከፊት ወንበር አስቀምጬ አስተማርሁ። ባለቤቴን አስካለችን በቀበርሁ በሳልስቱ ከክፍሌ ተገኘሁ። ሐኪሞች የግራ ዓይኔን ለማዳን ደክመው ሳይሆንላቸው ቢቀር አመስግኜ ወጣሁ። አንድ ዓይን እግዚአብሔር ወሰደ፤ አላጉረመረምሁም። አንዲት ፀሐይ ግን ኮሚቴ ወሰደብኝ፤ ስለዚህ አቤት እላለሁ።

1. ንባብ ቤቱ ለትምህርት ቤቶች በሚያሳትመው የታሪክ መድበል እንድጽፍ በቦርዱ ተጋብዤ፣ «የኡታው ጥላ» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ አስረክቤአለሁ። ኡታ በቤት ቋንቋችን እንሰት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው አልፋ ሴንታውሪ በሚባለው የከዋክብት ሥርዓት ነው። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ከራሳችን ፀሐይ ቀጥሎ የቅርብ ጎረቤታችን እርሱ ነው፤ ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይጓዛል። የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ አያየውም፤ እኛ ደመና ባልጋረደው የግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ እናየዋለን። ለባዶ ዓይን አንድ ኮከብ ይመስላል። በቴሌስኮፕ ሲታይ ግን እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ፀሐዮች ናቸው። የእኔ ፈጠራ በዚያ ያኖርኋት ምድርና በላይዋ የሰፈሩት የወላይታ ሰዎች ብቻ ናቸው።

2. በዚያች ምድር አንድ ሽማግሌ ሊሞት ሲል፣ «በቀትር የኡታው ጥላ ከወደቀበት ወገን ያለው መሬት የልጄ የቦሼ ነው፤ ሌላው ወገን የወንድሟ የሳሚ ነው» ብሎ ይናዘዛል። ሁለት ፀሐይ ባለበት ግን ቀትርም ሁለት ነው። የትልቋ ፀሐይ ቀትር ጥላውን ወደ ሰሜን ይጥላል፤ እርሷ ጠልቃ ትንሿ ስትወጣ፣ የትንሿ ቀትር ወደ ደቡብ ይጥለዋል። ለሙ መሬት በሰሜን ነው። እኅት በትልቋ፣ ወንድም በትንሿ ይሟገታሉ፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ታሪኩ በሙሉ በዚህች ሙግት ላይ የቆመ ነው።

3. የአርታኢው ኮሚቴ አስጠራኝ። ሰብሳቢው አቶ ጉልላት፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ሰሙን ተረድተናል፤ ወርቁን ይንገሩን» አሉኝ። ወርቅ የለውም አልሁ። «ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ያለ ወርቅ ይጽፋሉ?» ብለው ሳቁ። ወይዘሮ ጣፈጠች የተባሉ አባል፣ «ትልቋ ክልሉ ናት፤ ትንሿ እኛ ነን፤ ይህ ለሕፃናት ይሰጣል እንዴ?» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ደግሞ፣ «ለምን ትንሿ እንሆናለን? ትልቋ እኛ ነን!» ብለው ተቆጡ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በተቀመጥሁበት በእኔ ፀሐዮች እነርሱ ተሟገቱ። ሁለት ያልኋቸው ሁለት ስለሆኑ ነው ብዬ ወጣሁ። ሰምና ወርቅን በዱላ ተምሬአለሁ፤ አቶ ጉልላትንም ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ባዶ መሬት ቆፍራችሁ ወርቅ አውጡ ብዬ ግን አላስተማርሁም።

4. በዚያ ሥርዓት ሦስተኛ ኮከብም አለች፤ ትንሽና ቀይ ናት። ቀይ ኮከብ የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ያለውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው ስለማውቅ፣ እርሷን አስቀድሜ እኔው ትቼአታለሁ። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከየት ላምጣ?

5. መድበሉ ታትሞ ሲደርሰኝ፣ «ሁለቱ ፀሐዮች» ባልሁበት ሁሉ «ፀሐይዋ» ተብሏል። አሁን በአንዲት ፀሐይና በአንዲት ጥላ ሥር እኅትና ወንድም ያለ ምክንያት ይናከሳሉ፤ የተከበሩ ሽማግሌዎችም በሌለ ሙግት ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ከሥሩ ስሜ ተጽፎአል። ልብስ ሰፊው አቶ ገበየው መድበሉን ከልጃቸው ተቀብለው አንብበው ኖሮ፣ «መምህር፣ ያ ወንድምየው ግን ምን ነካው?» ብለው በመንገድ ጠየቁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ስመልስ የኖርሁ ሰው፣ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ። ያሰረኝ ሰው እንኳ አንገቴን አላስደፋኝም።

6. ስለዚህ ቦርዱ የአርታኢውን ኮሚቴ ሥራ መርምሮ፣ ገና ባልተሠራጩት መድበሎች ውስጥ ታሪኬ እንደ ጻፍሁት ዳግም ታትሞ እንዲገባ፣ መድበሉ ለደረሳቸው ትምህርት ቤቶችም ስሕተቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ስሜ ይፋቅ። ባለ አንድ ፀሐዩ ታሪክ የአቶ ጉልላት ነው፤ የራሳቸውን ስም ይጻፉበት።

7. የታሪኬ ሽማግሌ ኑዛዜውን በጥላ ለክቶ ልጆቹን አፋጀ። እኔ በጥላ አልለካም። ስሞት ለንባብ ቤታችሁ እሰጣለሁ ያልኋቸው መጻሕፍት፣ ቃሌ ነውና የንባብ ቤቱ ናቸው፤ የሥነ ፈለኮቹን አቶ ጉልላት ያንብቧቸው። ቴሌስኮፔና ሁለቱም ፀሐዮች ያሉበት የእጅ ጽሑፌ ግን በቢጠና ከተማ ለምታስተምረው ለልጄ ለሜላት ናቸው። ለተማሪዎቿ የምታነብላቸው እርሱን ነው።

ቁጣዬን ሳልደብቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ጌታሁን አንጁሎ
(ፊርማ)