መዝገብ ቤት ያልሞተው አበራ

ወንድምዓለም፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። አንተ ዐርፈሃል፤ እኔ ግን በስምህ ደጅ ስጠና ይኸው አለሁ።

ቤቱ ደህና ነው፣ ልጅህም አድጋለች። ወንድምህ ግን የወንዝ ዳሩን መሬት ያርሰዋል፤ ያንተ ነው ተብሎ የተፈረደውን! የፍርዱን ግልባጭ ለሰኔ ቀጠሮ ካላቀረብኩ ይጸናለታል። ያኔ እኔና ልጅህ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነን ቀረን።

ስለዚህ ከጋዝጊብላ ሰቆጣ ፍርድ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ፣ ግልባጭ የሚሰጠው ለባለጉዳዩ ነው፣ አበራ ራሱ ይምጣ አለኝ። እሱማ የለም አልኩት። ከሞተ ማስረጃ አምጪ አለኝ። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸውም በክርስትና ስምህ፣ ወልደ ገብርኤል ዐርፏል ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ጸሐፊው አገላብጦ አየውና፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው፣ አበራ በሕይወት አለ አይለኝም! ወደ አባታችን ተመለስኩ። እሳቸው ደግሞ፣ ፍትሐት ያደረስኩለት በክርስትና ስሙ ነው፣ በዓለም ስም የሞተ አላውቅም ብለው እምቢ አሉኝ። የክርስትና አባትህ እንዳይመሰክሩልኝ ካንተ ቀድመው ሄደዋል። በዚህ ብዞር አጥር፣ በዚያ ብዞር አጥር። እርር ድብን ብዬ ለጸሐፊው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ የልቤን ነገርኩት፤ ቋንቋውን አለመስማቱ በጀኝ።

ትዝ ይልሃል ሙግቱን የረታህ ዕለት? ግልባጩን እናውጣ ብልህ፣ መዝገቡ መንግሥት ዘንድ ነው፣ የት ይሄዳል ብለህ ሳቅክብኝ። እውነትህን ነው፣ የትም አልሄደም። እኔም ከደጁ የትም አልሄድኩ።

አሁን ዳኛው አንድ መንገድ ፈቀዱልኝ። ሰኞ በሽማግሌ ፊት ወንጌል ይዤ፣ ወልደ ገብርኤልና አበራ አንድ ሰው ናቸው፣ አበራ ሞቷል ብዬ ልምል ነው። አልቅሼ የቀበርኩህ እኔ ነኝ፤ ይቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ ካፌ አውጥቻት አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ የለም እላለሁ እንጂ። ፈራሁ፣ ወንድምዓለም። በሕይወት የቀረኸው እዚያ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ አፌ ላጠፋው ነው። አልምልም እንዳልል ልጅህ አለች።

ይቅር በለኝ። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ወልደ ገብርኤልን አስጠራለሁ። አበራን ግን ሰኞ በአደባባይ ሞቷል ብዬ ብመለስም፣ የቤታችንን በር ስከፍት እንደ ልማዴ እጠራዋለሁ።

ሚስትህ ጥሩ